ዘበኛውን የዘለለች መስመር

የቆቅ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ደርቀው ቀሩ። ነገር ስለማያልፋት ነው ቆቅ የሚሏት፤ ይህ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልፏታል። ርዕሰ መምህሩ እሷና ጓደኛዋ የሠሩትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊያዩ የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ካማራቸው የኮምፒውተር ክበቡ ለትልቁ ውድድር ያልፋል። ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብላ ማን ታሞ እንደቀረ የሚያሳየውን፣ የየክፍሉ አለቃ ሁሉ የሚገባበትን ገጽ ብትከፍት፣ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቃት የትምህርት ቤቱን ክሊኒክ መዝገብ ዘርግፎ አሳያት።

መጀመሪያ ያየችው የሸምበቆን ስም ነበር። ሸምበቆ አብሯት ፕሮግራሙን የሚሠራው ጓደኛዋ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው። ለካ ሐሙስ ሐሙስ ኳስ ልምምድ አለኝ እያለ የሚሄደው ክሊኒክ ኖሯል። ለምን እንደሆነ ሳታነብ ገጹን ዘጋችው፤ ቢሆንም ፊቷ በኀፍረት ጋለ። በገዛ እጇ ያመጣችው ጣጣ ነው።

ግድግዳው ላይ ሸምበቆ የሳለው የፕሮግራሙ ንድፍ ተለጥፏል። ወደ መዝገቡ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ማን ነህ?» ብሎ በሚጠይቀው፣ «ዘበኛ» ብለው በሰየሙት የፕሮግራሙ ክፍል በኩል ያልፋል። የክሊኒኩ ሲስተር መዝገቡን የፈቀዱላቸው ይህን አይተው፣ ከሥሩ ፈርመው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ገጹ በዘበኛው በኩል አልከፈት ሲላት ቆቅ እሱን የምትዘል አንዲት አቋራጭ የኮድ መስመር ጻፈች፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብላ። ደግሞ በኋላ የሚሉት ነገር መቼ መጥቶ ያውቃል?

ሸምበቆ ሲገባ ስለ አቋራጯ ነገረችው፤ ያየችውን ግን ዋጥ አደረገችው። ትንሽ ተቆጣ፤ ወዲያው እስክሪብቶ አነሳ።

«ንድፉ ላይ ዘበኛውን የምትዘል አንዲት ቀስት እጨምራለሁ። ማን ያውቅብናል?»

«ሲስተርስ? የፈረሙት እኮ በዚህኛው ላይ ነው።»

«ባክሽ አታካብጂ። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

ቀስቷ ወደ ማን መዝገብ እንደምትወስድ ቢያውቅ፣ እስክሪብቶውን እንደ ፍም ይወረውረው ነበር። ግን ምን ብላ ትንገረው? እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና ክዳኑን ገጠመችበት። ከዚያ ዞራ ተቀመጠችና መስመሯን ሰረዘቻት።

ርዕሰ መምህሩ ሲመጡ ገጹ ዘበኛውን ማለፍ አቅቶት ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ቆቅ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ በንድፉ መሠረት ለማስተካከል ሁለት ሳምንት እንደሚያስፈልጋት ነገረቻቸው። ውድድሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ ዕድሉ ለሌላ ክበብ ተሰጠ። ሸምበቆ አኮረፋት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የስፖርት ቦርሳውን አንግቶ በኮምፒውተሩ ክፍል በር ሲያልፍ፣ ቆቅ የፕሮግራሙን «ዘበኛ» እያስተካከለች ነበር።

«ልምምድ አለብኝ» አላት፣ ሳያያት።

«እሺ፣ በርታ» አለችው፤ ዓይኗንም ከስክሪኑ አላነሳችም።