የአባ ብራቅ ነጠላ

አባ ብራቅ ተነፋነፍ ሱሪውን ያውልቅ ወይስ አያውልቅ? በዚህ ጥያቄ የተነሳ ሰው ከሰው ተኳርፏል ቢባል የሚያምን የለም። «የአባ ብራቅ ወዳጆች» የሚባለውን የቴሌግራም ግሩፕ ያየ ግን ያምናል።

አባ ብራቅ ወላጆቻችን በልጅነታቸው እየተሻሙ ያነበቡት የካርቱን መጽሐፍ ጀግና ነው። መብረቅ በእጁ ይጨብጣል፣ ከደመና ደመና ይዘላል። ልብሱም የታወቀ ነው፤ ጭኑ ላይ የሚነፋ ሱሪ፣ ቀይ ቀበቶ፣ ትከሻው ላይ የተቋጠረ ነጠላ። አንድ አሳታሚ ታሪኩን እንደ አዲስ ሊያወጣው መሆኑና ልብሱም ለዘመኑ ልጆች እንዲስማማ የሚቀየር መሆኑ የተሰማ ዕለት ግሩፑ ተተራመሰ።

«ጂንስ ይልበስ!» ይላል አንዱ።

«ጂንስ ለብሶ ታክሲ ሊያስጭን ነው?» ይላል ሌላው።

«ጥሩር ይሻለዋል፤ የውጭዎቹ ጀግኖች እንደሚለብሱት።»

«እሱን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ደመናው ይችለዋል?»

ከሁሉም የባሰችው ግን ሴና ነበረች። ሴና ጀሞ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ፊደል የቆጠረችው ላፍቶ በሚገኘው የቤተሰቧ ግቢ፣ አባቷ በላስቲክ ጠቅልሎ ካኖራቸው የአባ ብራቅ መጻሕፍት ላይ ነው። ስለዚህ ጀግናው እንደ አጎቷ ነው የሚሰማት። ምላሷም የዋዛ አይደለም። «ሱሪውን የነካ እኔን ነካ» ብላ የጻፈች ዕለት ግማሹ ግሩፕ አጨበጨበላት፤ የቀረው ሸሸ።

የግሩፑ ሰዎች አንድ ቅዳሜ መካኒሳ አንድ ጁስ ቤት ተገናኙ። ሴና ብርጭቆዋን እንደ ማይክ ጨብጣ ስለ ሱሪው ክብር ስትናገር ጥግ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ አንገቱን ሳያቀና፣

«እኔም ሱሪውን አልነካውም» አለ።

«ደሞ አንተ ማን ነህና ነው የምትነካው?»

«ሰዓሊው።»

ጁስ ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሴና ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የልጁ ስም ሚሳኤል ነበር፤ አሳታሚው አዲሱን ልብስ እንዲስል የመረጠው እሱን ነው። ሲስቅ ጥርሱን ለመደበቅ ይሞክራል፤ አይሳካለትም። ሴና ያንን አይታ ዓይኗን ወደ ብርጭቆዋ መለሰች፣ ከዚያ እንደገና ቀና አለች። እሱም እያያት ነበር።

ማምሻውን የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረው ቆሙ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ለነሱ ግን አጠረባቸው። ተራቸው ሲደርስ ሴና ከኋላቸው ለቆሙት ሴትዮ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» አለች። በሚቀጥለው ታክሲ ደግሞ ሚሳኤል ለአንድ አባወራ ለቀቀ። አባወራው ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸውና ፈገግ ብሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የነሱ ሆነ። እሷ ለሁለት ታወራለች፣ እሱ ለሁለት ያዳምጣል። ስለ ቤቱ ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ለቡ መብራት ኃይል ከእናቱ ጋር እንደሚኖር ብቻ ነግሯት ነበር። እሷም አልጠየቀችም፤ ጊዜው ሲደርስ ይነግረኛል ብላ ተወችው። ወዳዋለችና መጠበቅ አልከበዳትም።

የግሩፑ መሪ ፍሮምሳ አዲሱን ስዕል የለጠፈው ሴና ሕፃናቱን ለእረፍት አስወጥታ ጥላ ስር ቆማ ሳለች ነው። ስልኳን ከፈተች። ሱሪው አለ፣ ተመስገን። ቀበቶውም አለ። ነጠላው ግን ትከሻ ላይ አልተቋጠረም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጥለቱም ወደ ላይ ወጥቶ አገጩን ይነካል።

ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው ይኖራል ለማለት ይቸግራል። ሴና ጣቷ ከሐሳቧ ቀደመና ጻፈች፤ «ሱሪው ተርፏል፣ እልል! ነጠላው ግን ተዘቅዝቋል። አባ ብራቅ ማን ሞቶበት ነው?»

እሳትና ጭድ ተገናኙ። «ነፍስ ይማር!» የሚለው መልእክት ጎረፈ። አንዱ አባ ብራቅን ከሥዕሉ ቆርጦ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አስቀመጠው፤ ሌላው በመብረቁ ፋንታ ንፍሮ አስጨበጠው። ሴናም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሚሳኤልም አብሮ የሚስቅ መስሏት ነበር።

ማታ ደወለችለት፤ አላነሳም። በማግስቱም አላነሳም። ቅዳሜ ጁስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያገኘችው ፍሮምሳን ነው።

«ሥራውን ተወው እኮ» አላት። «ለአሳታሚው ሌላ ሰው ፈልጉ ብሏል። ምን አድርገሽው ነው?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴና ቀልዱን ብታጠፋው እንኳ ግሩፑ ሁሉ ተቀባብሎታል። ደግሞ አባ ብራቅ አላሳሰባትም፤ ለሱ ሰዓሊ አይጠፋም። ሚሳኤልን ካጣች ግን ሌላ ሚሳኤል የለም። የሚሳኤልን ቤት ከፍሮምሳ ጠይቃ ለቡ ሄደች።

በሩን የከፈቱላት እናቱ ነበሩ፤ ወይዘሮ ትሩፋት። ሴና ሰላምታዋ አፏ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመውታል። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አገጫቸውን ይነካል።

«ማንን ፈለግሽ፣ ልጄ?»

«ሚሳኤልን… ሴና እባላለሁ፣ እማማ።»

«ሴና!» ሴትዮዋ ጉንጯን ይዘው ሳሟት። «ግቢ እንጂ! ከዚህ ቤት ስምሽ ጠፍቶ ያውቃል? ሴና እንዲህ አለች፣ ሴና እንዲህ አደረገች፣ ሲለኝ ነው የሚያመሸው።»

ያ ዝምተኛ ልጅ እቤቱ ወሬኛ ነበር ለካ። ሴና ይህን ስትሰማ ልቧ ይበልጥ ተሰበረ።

«ሱቅ ልኬዋለሁ፣ አሁን ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት ወንበር እየሳቡላት። «ምን አግኝቶት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ስዕሉን ሁሉ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወረወረው። እህል አይቀምስ፣ ብጠይቀው አይመልስ።»

መዋሸት ይቻላል። አላውቅም ማለትም ቀላል ነው። ሴና ግን የኚህን ሴት ዓይን እያየች መዋሸት አልሆነላትም።

«ያስቀየምኩት እኔ ነኝ» አለች። ስልኳን አውጥታ ስዕሉን አሳየቻቸውና የቀለደችውን ቀልድ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ትሩፋት ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ስዕሉን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።

«ይሄ የኔ አለባበስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አባቱ ሲሞት ገና ዳዴ ይል ነበር። ዓመቱ ሞልቶ ሐዘንሽን አውጪ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እንዲሁ እንደዘቀዘቅሁት አደገ ልጄ። ነጠላ ሲሉት ሌላ ምን ያውቅና ይሳል?»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሚሳኤል የዳቦ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ስልኩን በእናቱ እጅ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ለምን አሳየሻት?»

«ሚሳኤል፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለች ሴና ከወንበሯ ተነስታ። «እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ሲዘቀዘቅ ሐዘን መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ስስለው ግን አልታወቀኝም፤ እጄ የለመደው እሱን ነው።» ወደ እናቱ አየ። «ስዕሌ ላይ ቢሳቅ ግድ አልነበረኝም። ያንን ሁሉ ሳነብ ግን የታየኝ እማዬ ሲሳቅባት ነው። የጀመርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ሴና። ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋኝ።»

ሴና ከዚህ በፊት ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እንባዋ መጣ።

«እንዳትቀይረው» አለች። «እንዳለ ይሁን። ያን ሁሉ አገር ሲያድን የኖረ ሰው ሐዘን አያውቅም ያለው ማነው? የሚስቅ ካለ እኔ እመልስለታለሁ።»

«ተይ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የአባትህ ሐዘን የኔ ነው፤ እስክሞት አልለቀውም። ላንተ ግን አላወረስኩህም። ሳላውቅ ትከሻህ ላይ ጣልኩት መሰለኝ። መልስልኝ።»

ከዚያ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። ሚሳኤል እናቱን አንገታቸው ተራቁቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ያን ጊዜ ነው። ነጠላውን አራግፈው ገለበጡት፤ ጥለቱን ወደ ታች አደረጉና በሴና ትከሻ ላይ አጣፍተው አለበሷት።

«ሰው ደስ ሲለው የሚለብሰው እንዲህ ነው» አሉ። «በል አሁን ሳል።»

ሚሳኤል ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቁም ሳጥኑ ላይ የወረወረውን ወረቀት አውርዶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እርሳሱ መጀመሪያ ላይ ፈራ፤ በኋላ ሮጠ። ነጠላውን ያያል፣ ይስላል፤ ፊቷን ያያል፣ መሳሉን ይረሳል።

«ነጠላው እዚህ ነው ያለው» አለችው ሴና ትከሻዋን እያሳየች።

«አይቼዋለሁ» አለ። ጥርሱን ሊደብቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ልትሄድ ስትነሳ ነጠላውን ልታወልቅ እጇን ሰነዘረች። ወይዘሮ ትሩፋት እጇን ያዟት።

«እንደለበስሽው ሂጂ፤ ነገ ታመጪልኛለሽ። እኔ ሌላ አለኝ።»

ሚሳኤል ሊሸኛት አብሯት ወጣ። አጥሩ ስር ፀሐይ የሚሞቁት ጎረቤታቸው እትዬ ሞልቱ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት ዓይናቸው ነጠላው ላይ አረፈ።

«ይሄ የትሩፋት ነጠላ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ ሚሳኤል።

«እንዲህ ገልብጣ? ምን ተገኘ?»

ሴና አንድ ነገር ቀልዳ ልታልፍ አፏን ከፈተች። ሚሳኤል ቀደማት። ለቡ ሰፈር ሁሉ እንዲሰማው ያሰበ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ምራት መጣችላት» አለና እጇን ያዘ።

እትዬ ሞልቱ እልል አሉ። ለግሩፑ ሁሉ መልስ የማይጠፋት ሴና ያን ቀን እስከ ታክሲው ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። እጁን ግን አልለቀቀችም።