የአራት ቀን ተሳፋሪ

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ባሕር ማየት የፈለገ ሰው ከፓርክ ስቴሽን አውቶብስ ተሳፍሮ ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ደርባን መውረድ አለበት። እኔ ግን በዚህች ባሕር በሌላት ከተማ አድጌ፣ ማሌዥያ ሄጄ የሆቴል ሥራ ተምሬ ስመለስ፣ እንጀራዬ መርከብ ላይ ሆነ።

አባቴ አብዱልጀባር ከጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ውስጥ የጅምላ መደብር አላቸው። ልጃቸው አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣለች ብለው ሲጠብቁ፣ እኔ ከደርባን በሚነሣ የሽርሽር መርከብ ላይ የመንገደኞች አጫዋች ሆንኩ። ጠዋት አሮጊቶችን የሰውነት ማፍታቻ አሠራለሁ። ረፋድ ላይ ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን መሥራት አስተምራለሁ። ከምሳ በኋላ የጥያቄና መልስ ውድድር እመራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ በመዋኛው ዳር የቢንጎ ቁጥር እጠራለሁ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም።

የሥራው ከባዱ ነገር ጨዋታው አይደለም፤ ፊት ነው። ተቆጣጣሪያችን ባፈና ሁልጊዜ «ጥርስ ይታይ» ይለን ነበር። መንገደኛ ሲሰክር፣ ሲሳደብ፣ ሲያለቅስ መጀመሪያ ፈገግታ ነው፤ ቃል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ ፊቴ እኔን ማስፈቀድ ተወ። ካቢኔ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ መስታወት ስመለከት እንኳ ፈገግ ብሎ አገኘዋለሁ። ደስ ብሎኝ ይሁን አይሁን ከእሱ ማወቅ አልችልም ነበር።

ሙሰብን መጀመሪያ ያየሁት በጠዋቱ የሰውነት ማፍታቻ ላይ ነው። ሰባት አሮጊቶችና አንድ እሱ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጓል። እጃችሁን ወደ ላይ ስል ወደ ላይ፣ ጎንበስ በሉ ስል ጎንበስ። ፊቱ ግን ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ፊት ነበር።

ፎጣ ማጣጠፉም ላይ መጣ። ዝሆኑ ጆሮ እምቢ አለው። ጥያቄና መልሱ ላይ መጣ፤ አንድም ሳይመልስ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ዳንሱ ላይ ሰማንያ ዓመት የሚሆናት አንዲት ሴት እጁን ይዛ ስታዞረው፣ እግሯን እንዳይረግጥ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ዞረ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሰው መርከብ ላይ ወይ መጠጥ ይመርጣል ወይ ፀሐይ። ሁሉንም የሚካፈል መንገደኛ አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን የቢንጎው ኳስ መያዣ ከእጄ አመለጠና ኳሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። «ውይ» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው እሱ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ተንበርክኮ ኳሶቹን ለቀመ፤ ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ተናገረ።

«እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ እንዴ?»

«ወላጆቼ ከወራቤ ናቸው። እኔ ያደግኩት እዚሁ ጆበርግ ነው። ራውዳ እባላለሁ።»

«እኔ ሙሰብ። የአላባ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ጆበርግ፣ አሌክሳንድራ ሠፈር ሱቅ አለኝ።» ግራ ቀኙን አየና ከኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማታ ማታ በየካቢኔው በር ሥር የምናስገባው የነገ ፕሮግራም ነበር። በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጓል። «ይሄን የት ነው የማስፈርመው?»

ያለው አልገባኝም። እሱ ደግሞ እንዳልገባኝ ሲያይ ደነገጠና ቶሎ ቶሎ ያስረዳኝ ጀመር። ጉዞውን የሸለመው ለሱቁ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ባለሱቅ ብሎ። ድርጅት የከፈለበት ነገር ደግሞ በነጻ አይሆንም። ወረቀትም በበር ሥር ከገባ ትእዛዝ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪስተካከል ዘጠኝ ዓመት የኖረው ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ወረቀት ነው። በተባለው ሰዓት ያልተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል።

«አንድ ብቻ ነው የቀረሁት» አለ በመጨረሻ። «ትናንት የወንዶች የደረት ጸጉር ውድድር የሚለውን። እሱን… ይቅርታ ይደረግልኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የመርከቡ ሳቅ አልነበረም፤ ከሆዴ ነው የመጣው። አፌን በቢንጎ ካርድ ሸፈንኩ። እንደምንም ራሴን ሰብስቤ አንዱም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ወረቀቱ ለመዝናናት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ደስ ያለህን።»

ወረቀቱን ቀስ ብሎ መልሶ አጠፈው። «ትኬቱ ለሁለት ሰው ነበር» አለ። «ይዤው የምመጣ ሰው አጣሁ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማፍታቻው ላይ አልመጣም። ፎጣውም ላይ አልመጣም። እጄ ዝሆን እየሠራ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ነጻ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ለምን እንደከፋኝ ግን አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ከኋለኛው ወለል ላይ አገኘሁት። ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር አስተካክሎ አስቀምጦ፣ መርከቡ ከኋላው የሚተወውን ነጭ አረፋ ያያል። የመርከቡ ሕግ አጫዋች ከመንገደኛ ጋር ተቀምጦ እንዲያወራ አይፈቅድም። ጨዋታ ካለ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ተመልሼ የገመድ ቀለበቶቹንና የእንጨት ዘንጉን አመጣሁ።

«ተነሥና ተጫወት።»

«ደስ ያለህን አላልሽኝም?»

«ካልተጫወትክ አጠገብህ መቆም አልችልም።»

አየኝ። ከዚያ በባዶ እግሩ ተነሣ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቀለበቶቹን ወደ ዘንጉ ወረወርን። ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እንደሚተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ዙሉ ሲያወራ ውሎ አማርኛ የሚናገረው ከስልክ ጋር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም ማሌዥያ ባይተዋር እንደነበርኩ፣ ጆበርግ ስመለስ ደግሞ ባይተዋርነቱ አብሮኝ እንደመጣ፣ ተመልሼ የመጣሁት ወደ የት እንደሆነ እስካሁን እንደማላውቅ ነገርኩት። ባፈና ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር አጨብጭቤ በእንግሊዝኛ «ግሩም ውርወራ!» እላለሁ። ሙሰብም ከዘንጉ ሁለት እርምጃ የራቀውን ቀለበት እያየ እንደ ሻምፒዮን እጁን ያነሣል። ባፈና ሲርቅ ዝም እንላለን። ከዚያ ሁሉ ወሬ ይልቅ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ዝምታውን ነው።

በማግሥቱ ደርባን ደረስን። ከሚወርደው ሰው መሐል ዞሮ አየኝ። እኔ ከመውረጃው ድልድይ አጠገብ ቆሜ ለሁሉም እጄን አውለበልብ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ውሌ አለቀ። ወደ ጆበርግ ተመልሼ ሂልብሮው ውስጥ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ስልክ ቤት ከምትሠራ ዲቦራ ከምትባል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋራን። መርከብ ላይ ሦስት ሺህ ሰው በስሜ ይጠራኝ ነበር። በዚያ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ግን ሰዎች ቁጥሩን እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ተነሥቼ የአሌክሳንድራ ታክሲ ያዝኩ።

ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ዕቃ የሚወጣው እጅ በምታሳልፍ ቀዳዳ ነው። ሙሰብ «ሳውቦና ማማ» ብሎ በዙሉ ሰላም እያለ አንዲት ወፍራም ሴት ያስተናግድ ነበር። ሲያየኝ ዳቦው በእጁ እንዳለ ቀረ። ሴትዮዋ ዞራ ከእግር እስከ ራስ መረመረችኝና በዙሉ የሆነ ነገር ብላው ሳቀች። ምን እንዳለች ለመንገር ሦስት ሐሙስ ፈጀበት። «መጀመሪያ ዳቦዬን ስጠኝ፤ ከዚያ እስኪመሽ እያት» ነበር ያለችው።

ከዚያ ጀምሮ በየሐሙሱ ሄድኩ። ከባንኮኒው ጀርባ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ጨርቅ ያነጥፍልኛል። እሱ ይሸጣል፤ እኔ አያለሁ። ሰው በሌለበት ሰዓት የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድም ቀን እጄን ነክቶት አያውቅም። ሻይ ሲያቀብለኝ ኩባያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ እጁን ካራቀ በኋላ ነበር የማነሣው፤ ሁለታችንም ያችን ቅጽበት የምናረዝማት ይመስለኛል።

ሰኔ ላይ ከመርከብ ድርጅቱ አዲስ ውል መጣልኝ። በሌላ መርከብ፣ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ፣ ስምንት ወር። ለሙሰብ ነገርኩት። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የሳሙና ካርቶኖች አንድ በአንድ አውርዶ እንደገና ደረደራቸው። እንድቀር እንዲለምነኝ ፈልጌ ነበር። ቢለምነኝ ምን እንደምመልስ ግን አላውቅም ነበር።

እሑድ ማታ አባቴ ደወሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሞቆ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሙሰብ ቤታቸውን አፈላልጎ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሳቸውም ልጁን ወደውታል። «አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት» አሉኝ። «መርከቡ ይቅር። እሱም እሺ ብሏል። አላህ ያሳምርላችሁ ልጄ።»

ሐሙስን አልጠበቅኩም። በማግሥቱ ጠዋት አሌክሳንድራ ነበርኩ።

«እሺ ያልከው ማንን ጠይቀህ ነው?»

መልስ የሚቆጥርለትን ሰው አሰናበተና ወደ እኔ ዞረ። «አባትሽ ፊት፣ ሽማግሌ አስቀምጬ፣ ቆይ ልጠይቃት ልበል?»

«አዎ።»

«እንደዚያ ብዬ ማን ልጁን ይሰጠኛል?»

«ለእኔ ግን አንድም ቀን አትሂጂ አላልከኝም።»

ባንኮኒውን በመዳፉ ጠረገው፤ ቆሻሻ አልነበረበትም። ያን ሰዓት ቅሪ ቢለኝ የምቀር ይመስለኛል። እሱን ግን ለወራት ሲያንገበግበው የቆየው ሌላ ነገር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አለ። «ከመርከቡ ስወርድ አይቼሻለሁ። ለሁሉም ትስቂ ነበር። ለእኔ የሳቅሽው ከዚያ ይለያል? ወይስ እኔም የአራት ቀን ተሳፋሪ ነበርኩ?»

ይለያል ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ሰዓት የለም። ስፈራ ደግሞ ፊቴ የተማረውን አደረገ። ቃሌ ከመድረሱ በፊት ፈገግታው መጣ። ጥርሴ ሲታይ ተሰማኝ፤ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ።

ሙሰብ አየው። ፊቱ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ገባኝ» አለ።

«ሙሰብ፣ አይደለም…»

«ደንበኛ አለ።»

እውነትም አንድ ሰው ቀዳዳው ጋ ቆሞ የስልክ ካርድ ይጠይቅ ነበር።

ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቀኝ ታክሲ ያን ዕለት እጄን ሳነሣ ወዲያው ቆመ።

ስድስት ሳምንት እንዲደውል ጠበቅኩ። እሱም እኔ እንድደውል ይጠብቅ የነበረ ይመስለኛል። ዲቦራ አልጋዋ ላይ ጥፍሯን እየቀባች ትታዘበኝ ነበር። «ሦስት ሺህ ሰው ታጫውቻለሽ፣ አንድ ሰው ጋ መደወል ያቅትሻል» አለችኝ። ነሐሴ ላይ ሻንጣዬን አሥራልኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘችኝ።

ባፈናም ወደ አዲሱ መርከብ ተዛውሮ ነበር። ጨዋታዎቹ ያው ናቸው፤ ፎጣው ዝሆን ይሆናል፣ የቢንጎው ቁጥር ይጠራል። እኔ ግን ሌላ ሆኛለሁ። ፊቴ መታዘዝ አቆመ። እጠራለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ ስም እይዛለሁ፤ ፈገግታው ግን የለም። ኅዳር ላይ ባፈና ወደ ቢሮው ጠራኝ። መንገደኞች የሞሉትን አስተያየት አሳየኝ፤ «ትሁት ናት፣ ግን አትስቅም» ይላል፣ በአምስት ዓይነት ቋንቋ። እያዘነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። አንድ ጊዜ ከተደገመ ወደ ቤት ነው።

ካቢኔዬ ገብቼ ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፎቶ አንሥቼ ለሙሰብ ላክሁለት። ከሥሩ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው። አሁን ለማንም አልስቅም።»

ማንበቡን የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት ወዲያው መጣ። መልሱ የመጣው ግን በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነው፤ በድምፅ መልእክት።

«ራውዳ፣ አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳይ ነው የከረምኩት።» ከጀርባው የሱቁ ማቀዝቀዣ ይሰማል። ከዚያ ከሩቅ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «ሙሰብ፣ ስኳሩን የት አደረግከው?» አለ። «ከላይኛው መደርደሪያ ላይ» ብሎ መለሰላት፤ ለስለስ ባለ ድምፅ። ወደ ስልኩ ሲመለስ ድምፁ ወርዷል። «ባለፈው ወር ኒካህ አሥሬያለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው። መጠበቅ ነበረብኝ፤ መጠበቅ አላወቅኩበትም። አላህ ይጠብቅሽ።»

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ መገኘት ነበረብኝ፤ የዕለቱ ፕሮግራም የአዲስ ሙሽሮች ጨዋታ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፤ ዩኒፎርሜን አስተካክዬ ወጣሁ።

አራት ሙሽሮችን ከአራት ሙሽሪቶች ጋር ጀርባ ለጀርባ አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። ማን ቀድሞ ወደደ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ሲጣሉ ማን ነው ቀድሞ የሚደውለው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ጥርሴ ሁሉ ታየ፤ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ አልከደን አለኝ።

ሰዉ ሲበተን ባፈና ከኋላ ወንበር ተነሥቶ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አየሽ፣ ትችያለሽ» አለኝ። «ያቺን ደብዳቤ ዛሬውኑ ከፋይልሽ አወጣታለሁ።»