ወንበሩ ለብቻ ነው

«ወንበሩ ለብቻ ነው» አሉኝ ሻጩ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ።

«እንዴት ለብቻ?»

«ለብቻ ነዋ። ከከበሮው ጋር አይመጣም። የጆሮ ማዳመጫውም እንደዚሁ።»

ደሜ ፈላ። ለዚህ ኤሌክትሪክ ከበሮ ስል ስንቱን ነገር አምሮኝ ትቼዋለሁ። ጫማዬ አፉን ከፍቶ ሲስቅብኝ የከረመው ለምን ሆነና! አሁን መርጬ፣ ነካክቼ፣ በልቤ ቤቴ ካስገባሁት በኋላ ሰውዬው ወንበር የለውም ይሉኛል።

«ታዲያ ቆሜ ልምታው ጋሼ? ወይስ ጎረቤት በርጩማ ልዋስ?»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስል ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ከደረት ኪሱ ካቻቪቴ ብቅ ያለ ረጅም ወጣት ዓይኑን በጨው አጥቦ ይስቅብኛል።

«ምን ያስቅሃል አንተ?»

«ይቅርታ እህቴ፣ ባንቺ አይደለም። እኔም ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሜ ይህንኑ ነው የጮህኩት። ጋሼ ምስክሬ ናቸው።»

«እውነቱን ነው» አሉ ሻጩ። «እሱ ግን እንዳንቺ አልተሳደበም።»

«እኔም አልተሳደብኩም!»

«ገና ነሽ» አለ ባለ ቱታው።

ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ግን ምክንያቴን ስሙኝ። የምሠራው መነጽር ቤት ነው። መስታወቱን በማሽን እየሞረድኩ ከፍሬሙ ጋር አገጣጥማለሁ። ማሽኑ ሲዞር ጣቶቼ ጠረጴዛውን መደብደብ ይጀምራሉ፤ አለቃዬም «ኧረ ደንበኛ አለ!» ብላ ትቆጣኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከበሮ ልምታ ብል «አንቺ ዝፈኚ» አሉኝ። ድምፄን ሲሰሙ ደግሞ ራሳቸው አስወጡኝ።

ቤት ውስጥ እማዬን ራስ ምታት ያሠቃያታል። ሲነሳባት ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ እንኳ አትችልም። ስለዚህ እውነተኛ ከበሮ የማይታሰብ ነው፤ ያለኝ አማራጭ ድምፁ ጆሮ ውስጥ ብቻ የሚቀረው የኤሌክትሪኩ ነበር።

ሻጩ ሦስት ዓይነት ነበራቸው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ትልቁና የሚያብረቀርቀው ጋ ነው።

«እሱን ተይው» አሉኝ። «ጀማሪ ነሽ፤ ግማሹን ሳትነኪው አቧራ ይለብሳል።»

በጣም ርካሹን ሳይ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሁለመናው ደረቅ ላስቲክ ነው። የእግሩም መርገጫ ቢሆን የበር ደወል እንደ መጫን ነው፤ እግርሽ ምንም አይማርም። በወሩ ይሰለችሽና ልብስ ታሰጪበታለሽ።»

ሦስተኛው መካከለኛው ነው። ፊት ለፊት ያለው ከበሮ በመረብ የተወጠረ ስለሆነ በትሩ ሲያርፍበት ነጥሮ ይመለሳል፤ መርገጫውም እውነተኛ መዶሻ አለው። ድምፁን ሁሉ የሚያወጣው በጎን የተሰካ ትንሽ ሳጥን ሲሆን፣ ሻጩ «አንጎሉ» ይሉታል። መታሁት። በትሩ እጄ ላይ ሲመለስ ልቤ ድው አለ። በቃ፣ የእኔ ነው አልኩ። የቀረው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ወንበሩና ማዳመጫው ሲጨመርበት ግን አልደርስበትም። ባለ ቱታውም ያንኑ ከበሮ እየተመላለሰ ከማየት በቀር አቅሙ አልፈቀደለትም።

«ለምን አንጋራውም?» አለ ድንገት።

«ከማላውቀው ሰው ጋር?»

«እኔስ መቼ አውቅሻለሁ? እንዲያውም ያየሁሽ ስትጮሂ ነው። መስጋት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ሳቄ መጣ።

የሊፍት ጠጋኝ መሆኑን ያወቅኩት ከበሮውን በመኪና ጭነን ስንሄድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሊፍቱ» አልኩት፤ እሱም «መነጽር» አለኝ። እሱ የሚኖርባት ክፍል አልጋዋን እንኳ በመከራ የያዘች ስለሆነች ከበሮው እኛ ቤት፣ ግቢ ውስጥ ያለው ዕቃ ቤት ገባ። ሰኞና ረቡዕ የእኔ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የእሱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሁለታችን ተባለ።

እማዬ መጀመሪያ «ከበሮ? እኔ ቤት? ግደይኝ በይ!» ብላ ነበር። የበትሩን ጠቅ ጠቅ ስትሰማ ግን ገረማት። «ይኸው ነው እንዴ? ሽንኩርት የምትከትፉ ነው የሚመስለው።» የእግሩ መርገጫ ብቻ በወለሉ በኩል ጭንቅላቷ ድረስ ይመጣባት ነበር። ሊፍቱ ይህን እንደሰማ ከሥራ ቦታው የተጣለ ወፍራም ጎማ ተሸክሞ መጣና ከሥሩ አነጠፈው። ከዚያ በኋላ እማዬ ስሙን ካለ ምርቃት አታነሳውም።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንበሩ። እሱ የበር መቃን የሚያህል ነው፤ እኔ ደግሞ፣ ያው፣ አጭር ነኝ። ወንበሩ እንደ ብሎን እየዞረ ከፍና ዝቅ ይላል። በየቀኔ ስቀመጥ እግሬ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ እያዞርኩ ዝቅ ማድረግ፣ እያዞርኩም መርገም ነው። አንድ ቅዳሜ «ሰማይ ላይ ሰቅለኸው ትሄዳለህ፣ መሰላል ላምጣ?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ አላስቸገረኝም፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ቅዳሜዎቹ ግን አይረሱም። እኔ እቸኩላለሁ፣ እሱ ይዘገያል።

«ቸኮልሽ።»

«አንተ ነህ የቆምከው። ሊፍት የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።»

ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲመታ ሌላው የሚሰማው ጠቅታውን ብቻ ነው። አንድ ቀን «እስቲ እኔም ልስማ» አለና ጎንበስ ብሎ አንዱን ጆሮ ወሰደ። ፀጉሬ ጉንጩን ነካው። ምቱ ጠፋብኝ፤ በትሮቹ አየር ላይ ቀሩ። ማናችንም ግን ቀና አላልንም።

ወደድኩት፤ ምን እሸፋፍናለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። አንዴ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ወደ ዕቃ ቤቱ ስሄድ እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለከበሮው ነው ይህ ሁሉ ሽቶ?» አለችኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

እሱስ? ይህን ነው ያላወቅኩት። ያያል፣ ይስቃል፣ ጎማ ያመጣል፤ አንዲት ቃል ግን አይተነፍስም። እኛ ቤት የሚያመጣው ከበሮው ይሁን እኔ መለየት አቃተኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አባዬ ከውስጥ ይናገራል። አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። አባት ነኝና ልጠይቅህ። እዚህ ቤት የምትመላለሰው ለምንድን ነው?»

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ለከበሮው ነው ጋሼ» አለ ሊፍቱ። «ሌላ ምንም ነገር የለም።»

ክው አልኩ። ሌላ ምንም! ቀሚሴ፣ ሽቶዬ፣ ያቺ ጉንጩ ላይ ያረፈች ፀጉሬ፣ ሁሉም ምንም። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«እንግዲያስ ከበሮህን ይዘህ ውጣልኝ!»

«መነጽር፣ ምን አጠፋሁ?»

«ግማሹ ያንተ አይደል? ግማሽህን ውሰድ!»

ዕቃ ቤቱ ገብቼ በንዴት አንጎሉን ከነገመዱ ነቀልኩት፤ ማዳመጫውንም አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። «ይኸ የእኔ ነው። የቀረውን አንሳ።»

«እሱ ከሌለ እኮ የቀረው…»

«አንሳ አልኩህ!»

አየኝ፤ አንድ ነገር ሊናገር ነበር። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ከበሮዎቹን፣ ማቆሚያውንና ወንበሩን አንድ በአንድ አወጣ። ጎማውን ለእማዬ ተወላት።

በነጋታው እልሄ ሳይበርድ አንጎሉን ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ማዳመጫውን አደረግኩ፣ ጠበቅኩ። የሚመታ የለም፤ ምን ብሎ ይጮህ? አባዬ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«ጎበዝ» አለኝ። «እሱ አካሉን ይዞ ሄደ፣ አንጎሉ አንቺ ጋ ቀረ። አያስታውቅም እንጂ።»

አፍንጫውን ይላስ፣ አልፈልገውም እያልኩ ሰነበትኩ። ማሽኑ ሲዞር ግን ጣቶቼ ዝም አሉ። አለቃዬ ራሷ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። እማዬ እንኳ አንድ ቅዳሜ ወደ ዕቃ ቤቱ እያየች «ሽንኩርቱ ሲቀር ቤቱ ጭር አለብኝ» አለች። ይኼን ጊዜ እንባዬ መጣ።

አባዬ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስሚኝማ። ያ ልጅ ሲመልስልኝ ላብ አጥምቆት ነበር። ለከበሮ የመጣ ሰው አያልበውም።»

«'ሌላ ምንም የለም' አለ እኮ አባዬ።»

«ምን ይበል? ላንቺ ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ ላንቺ ያልነገረውን ቀድሞ ለእኔ ይንገረኝ? እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን እንደሱ ነበር የምመልሰው። ጥያቄዬ ነው ያለ ጊዜው የመጣው።»

አንጎሉንና ማዳመጫውን በሻርፕ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የሊፍት ጠጋኙ ቤት ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ስንት እቀልድበት ነበር። እያለከለክሁ በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ተሰማኝ። ድምፅ የሌለውን ከበሮ ይመታል። አሁንም እየዘገየ።

አንኳኳሁ፤ ጠቅታው ቆመ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ በትሩ ከእጁ ወደቀ።

«ግቢ» አለ፣ የሚገባበት ባይኖርም። ከበሮው እንዲገባ አልጋውን በጎኑ አቁሞ ግድግዳ አስደግፎታል፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ከከበሮዎቹ ኋላ የተገለበጠ የለስላሳ መጠጥ ሳጥን አለ። ሲመታ የቆየው እሱ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ነው። ወንበሩ ግን ጥግ ይዞ ብቻውን ቆሟል፤ ጨርቅ እንኳ አልተጣለበትም።

ደረጃው ስላደከመኝ ሳልጠይቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ወለሉን ረገጠ። በልኬ ነው።

«ወንበር እያለ ሳጥን ላይ የምትቀመጠው ለምንድን ነው?»

የወደቀውን በትር ከመሬት አነሳ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ከፍ ላደርገው ስላልፈለግኩ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እናንተ ቤት ሳለ ጨርሼ ስወጣ ወዳንቺ ልክ ዝቅ አደርገው ነበር። እዚህ ካመጣሁት ወዲህ ግን ተቀምጬበት አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን ብትመጪ…»

እኔም ቁጣዬን ብፈልገው አጣሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ወንበሩን የለመድኩት መስሎኝ ነበር። ይህ ሰው በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ተንበርክኮ ለእኔ እግር ሲያዞርልኝ ኖሯል፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም።

«ለአባቴ 'ሌላ ምንም የለም' ያልከውስ?»

«ላንቺ ሳልነግር ለአባትሽ ልንገር?»

«እሺ፣ አሁን ንገረኝ።»

ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው። «እወድሻለሁ። ሱቁ ውስጥ ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ነበር። ስትጮሂ ነው የቆምኩት።»

«ስጮህ?»

«አዎ። እንዲህ የምትጮህ ሴት ከበሮ ስትመታ ማየት አለብኝ አልኩ።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። «እኔም እወድሃለሁ፤ አንተ ልብ አውልቅ» አልኩትና ሻርፑን ፈታሁ። እሱ ገመዶቹን ሰካካ። ማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ አድርገን መታሁ። ቸኮልኩ። እሱም ዛሬ አላረመኝም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከበሮውን ጭነን ቤት ስንደርስ አባዬ በር ላይ ነበር። ሊፍቱ ወንበሩን እንደተሸከመ ፊቱ ቆመ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ለከበሮው አይደለም።»

አባዬ የተጫነውን ዕቃ አየ፣ እኔን አየኝ። «ታዲያ ከበሮውን ለምን አመጣኸው?»

«እሷን ከፈለግኩ እሱም አብሮ ነው የሚመጣው ጋሼ» አለ። «ለብቻ አይሆንም።»

አባዬ ሳቁን ለመደበቅ ጺሙን አሻሸና ከበሩ ዞር አለለት። እማዬ ከውስጥ ጎማውን እየጎተተች መጣች።

«በሉ ግቡ» አለች፣ «ሽንኩርታችሁን ክተፉ።»