ሦስተኛው ጥሪ

ኤልዳት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርታ የሰርጎትን ምሽግ በር ዘጋችው። መጥራት የነበረባት ሦስት ጊዜ ነበር።

በዘንጎራ መንግሥት ይህን ሕግ የማያውቅ የለም። ምሽጉን ያነጸው ንጉሥ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያኖር፣ ሳይጠራ ውጭ የሚቀር ሰው እስከሌለ ድረስ ግንቡ እንዳይፈርስ በደሙ አስምሎታል። ስለዚህ የበሩ አለቃ ከመዝጋቱ በፊት ወደ ሜዳው ዞሮ «የቀረ አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላም አሥር ትንፋሽ ይጠብቃል። ጉርምብ የሚባሉት ድንጋይ በል የጠላት አገር የጎርዛ አውሬዎች ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በዚያ ግንብ ላይ ጥርሳቸውን ሲሰብሩ ኖረዋል።

የበሩ አለቃ ኤልዳት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጦር ትምህርት ቤት ከወጣች ገና አራት ወሯ። ከበባን የተማረችው በአሸዋ ገበታ ላይ፣ ከሸክላ በተሠሩ ግንቦችና ትንንሽ ሰዎች ነበር። አንድም ጨዋታ ተሸንፋ አታውቅም፤ የምታሸንፈውም ቶሎ ስለምትዘጋ ነው። ከበር ውጭ የቀሩትን የሸክላ ሰዎች በመዳፏ ጠርጋ ወደ ሣጥናቸው ትመልሳለች። መምህሯ «ንጹሕ ሥራ» ይሏት ነበር።

የጎርዛ ጦር አቧራ በመንገዱ ላይ ሲነሣ፣ ምሽጉ ካለበት ኮረብታ ሥር በኖራ ምድጃው ዘንድ ሠላሳ አንድ ሰዎች በሥራ ላይ ነበሩ። ኤልዳት ሁለት ጊዜ ጠራች። ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ ከሩቅ የሴት ድምፅ ሰማች። በስድስተኛው ትንፋሽ ላይ «ዝጉ» አለች፤ በጥድፊያው መካከል ጥሪዋን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ የምሽጉ አዛዥ ወረንጎ በሠራዊቱ ፊት የብር መታጠቂያ አስታጠቃት።

«ሦስቱንም ጠርተሽ፣ ለጠላት አንዲት ክንድ መሬት ሳትሰጪ ዘጋሽ። ሰርጎት ይህን አይረሳም» አላት።

«ጠርቻለሁ» አለች ኤልዳት።

ቀስተኛው ዶርባ ትከሻዋን መታ አደረጋት። እህቱ ለምጢት ከኖራ ሠራተኞቹ አንዷ ነበረች። «በራስሽ አትፍረጂ፣ አለቃ። ለምጢት ድሮም ዘገምተኛ ናት፤ እናታችን ለምሳ ስትጠራት ለእራት ነው የምትደርሰው» አለና ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ኤልዳት መታጠቂያውን ዝቅ ብላ ማየት አልቻለችም። ብታወልቀው ደግሞ ለምን እንደሆነ ይጠይቋታል። ታጥቃው ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጉርምቦቹ ግንቡን እንደ ዳቦ ይገምጡት ጀመር።

ሰዉ የጎርዛን ጠንቋዮች ረገመ። ኤልዳት ግን ማማው ላይ ቆማ ከኖራ ምድጃው የሚወጣውን ቀጭን ጢስ ታይ ነበር። ዕድሜያቸውን በዚያ ምድጃ የጨረሱት እትዬ ሰንበላ አጠገቧ መጥተው ዓይናቸውን አጨንቁረው ተመለከቱ።

«በሕይወት አሉ» አሉ። «ኖራ እያቃጠሉ ነው። ትኩስ ኖራ ጉርምብን ያሳውረዋል። ማገዷቸው ግን ከዛሬ አያልፍም።»

ኤልዳት እትዬ ሰንበላን አስከትላ ወደ አዛዡ አዳራሽ ወረደች፤ ዶርባና ሌሎች ወታደሮችም በዚያ ተቀምጠው ነበር። መታጠቂያውን ፈትታ እግሩ ሥር አኖረችው። ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋባት።

«ሁለት ጊዜ ነው የጠራሁት። ሁለተኛውንም በቅጡ አልጠበቅሁም። ድምፅ ሰምቼ ነበር። ግንቡን ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

ዶርባ ቀስ ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። «ድምፁ ምን አለ?»

«ቆዩን።»

አልመታትም። ቢመታት ይሻላት ነበር።

ከምሽጉ ትንሽ በር በላይ የተቀረጸ ቃል አለ። ኤልዳት ለፈተና ሸምድዳው ነበር፤ አሁን በሁሉ ፊት አለችው። «ሳይጠራ የቀረ ካለ፣ የዘጋው ይውጣ። የቀሩትን ያስገባ፣ ሦስተኛውን ይጥራ፣ በገዛ እጁም በሩን ከውጭ ይዝጋ። ያን ጊዜ ድንጋዩ መሐላውን ያስታውሳል።»

«ከውጭ» አለ ወረንጎ።

«አዎ ጌታዬ፣ ከውጭ። በሰርጎት ድንጋይ እምላለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ሳይገቡ እህል አልቀምስም።»

«ቅመሺ እንጂ» አሉ እትዬ ሰንበላ ቁራሽ እያቀበሏት። «ቁልቁለቱ ረጅም ነው። መንገዱን የማሳይሽ እኔ ነኝ፤ ተዝለፍልፈሽ ብትወድቂ አልሸከምሽም።»

ዶርባም ሳይጠሩት ቀስቱን አነሣ።

ቀትር ላይ፣ ጉርምቦቹ በሙቀት ደንዝዘው በተኙበት ሰዓት፣ ሦስቱ በትንሹ በር ወጡ። እያንዳንዱ አውሬ የአንድ ጎጆ ያህላል፤ ትንፋሹ የተፈጨ ባልጩት ይሸታል። በመካከላቸው እየተሹለከለኩ ሲወርዱ ዶርባ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ይቅር በለኝ እንዳትዪኝ።»

«አልልህም» አለች።

ምድጃው ዘንድ ሃያ ዘጠኝ ሰዎች አገኙ። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን ሞተዋል። ለምጢት ዓይኖቿን ኖራ አጥፍቷቸው፣ በጨርቅ ሸፍናቸው ተቀምጣ ነበር። ወንድሟን በእጁ ለየችው። ከዚያ «የበሩ አለቃ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ኤልዳት።

«ሁለት ጊዜ ሰማሁሽ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ነበር። ሦስተኛው እስኪጠራ ጊዜ አለን ብዬ ሽማግሌዎቹን ቀስ በሉ አልኳቸው።» ለምጢት በቁጣ አልተናገረችም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማስረዳቷ ብቻ ነበር። «ድምፅሽ ይሰማል፤ ጥሩ ነው።»

ኤልዳት መራመድ ያቃተውን አንድ ሽማግሌ በጀርባዋ አዘለች።

ሽቅብ ግማሽ መንገድ ሲደርሱ የጎርዛ መለከት ተነፋ። አውሬዎቹ ተነሡ። እትዬ ሰንበላ ትኩስ ኖራ የሞላባቸውን ገንቦዎች እያስወረወሩ መንገድ አስከፈቱ፤ ዶርባም ፍላጻው እስኪያልቅ ተኮሰ። ሃያ ዘጠኙም በትንሹ በር ገቡ። ኤልዳት ያዘለችውን ሽማግሌ በበሩ ውስጥ፣ ጥላው ሥር አወረደችው። ቦታው ቀዝቃዛ ነበር። ሰው ሁሉ እያያት መሆኑን አወቀች፤ ለአንድ አፍታም እዚያው መቅረት ፈለገች። በዚያም አፈረች።

«እኔ ልዝጋው» አለ ዶርባ መሬት መሬት እያየ።

«አንተ አይደለህም የዘጋኸው።»

የመጨረሻዋን የኖራ ገንቦ አቀበላት። «አንድ ተርፏል» አለ።

ተቀብላ ወጣች። ጉርምቦቹ ሽቅብ እየመጡ ነበር፤ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ግንቡን ይገምጣሉ። ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች።

«የቀረ አለ?»

ትንፋሿን ቆጠረች። ስድስተኛው ላይ የፊተኛው አውሬ ጥላ እግሯ ላይ ደረሰ። ሰባት። ስምንት። ገንቦዋን ወረወረች፤ ዘጠኝ። ሜዳውን ዳር እስከ ዳር አዳመጠችው። አሥር። የመለሰ አልነበረም።

ዞራ የበሩን ቀለበት በሁለት እጇ ያዘች፤ ጎትታም ዘጋችው። በግንቡ ዙሪያ ሁሉ ጥርስ ሲሰበር ተሰማ።