የስቴፋኒያ መሸኛ አበባ

የኦፔራ ዘፋኟ ስቴፋኒያ ዱዲች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በልቪቭ ከተማ ቲያትር መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ጉሮሮዋን የምታለሰልስበት የማር ሻይ ተመርዞ ነበር። ሻዩን ያፈላችው አልባሿ ማልቪና ስለሆነች፣ ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር።

መርማሪ ዜኖቪያ ህሪጻክ እግሯ አብጦ ነበርና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፓኒ ዜኖቪያ፣ እመቤቴ፣ እኔ ስቴፋኒያን ልገድል?» አለች ማልቪና እያለቀሰች። «ሃያ ዓመት ያለበስኳትን?»

«ሻዩን ትተሽ ወጥተሽ ነበር?»

«ስፌት ክፍል ጠሩኝ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ሳያንኳኳ የሚገባ ማን አለ?»

«ኦርኬስትራ መሪው ፓን ዩሊያን፣ በፒያኖ የሚያጅባት ፓን ኦሬስት። ሌላ ማንም።»

ዩሊያን ከኮሪደሩ ጮኸ፦ «ማታ ማን ሊዘፍንልኝ ነው? የመሰናበቻ ዝግጅቷ እኮ ነው!»

«እርስዎ ከዘፈኑማ ሁለተኛ ሬሳ ይኖረናል» አለችው ዜኖቪያ፣ ቀና ሳትል።

ዓይኗ መስተዋቱ ሥር በተደረደሩት ሦስት እቅፍ አበቦች ላይ ነበር። ከሦስቱ የአንዱን እቅፍ ነጫጭ ጽጌረዳዎች ሁለት ጊዜ ቆጠረች። በረኛውን ጠየቀች፤ ኦሬስት ራሱ ስድስት ሰዓት ላይ አምጥቷቸዋል። አበባውን ወደ ሸጠችለት ሴት ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ፓን ዩሊያን አምስት ጽጌረዳ ሰጡ፤ ማልቪና ሦስት። እርስዎ ግን ስምንት፣ ፓን ኦሬስት።»

«ተሳስቼ ይሆናላ።»

«ዕድሜ ልክዎን ምት ሲቆጥሩ ኖረው? በአገራችን ለሕያው ሰው ጎዶሎ ቁጥር፣ ለሟች ደግሞ ሙሉ ቁጥር አበባ እንደሚሰጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

«ሻጯ ትሆናለች።»

«እሷማ ዘጠኝ ልታስር ስትል አንዱን አስወጥተውባታል። ‹ማን ሞተብዎ?› ብትልዎ፣ ‹አንዲት ዘፋኝ› አሏት። በዚያ ሰዓት ስቴፋኒያ እዚህ ድምጿን ታሟሙቅ ነበር። ማልቪና ስትወጣ ደግሞ እርስዎ ገቡ።»

ኦሬስት ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ሃያ ስድስት ዓመት አጀብኳት» አለ። «ሌላ አጃቢ ይዛ ቪየና እንደምትሄድ ከጋዜጣ አነበብኩ። ገደልኳት። ለሟች ጎዶሎ አበባ መስጠት ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ዜኖቪያ ደስ አላላትም። በዓይኗ ጠቀሰች፤ ካቴናው ኦሬስት እጅ ላይ ገባ።

«ማልቪና፣ ቤትሽ ግቢ።»

ማልቪና ግን ወደ ሬሳው ቀረበች። «እንዲህ ሆና ሰው አይያት። ፀጉሯን ላበጥርላት።»

«ሬሳ አይነካም!» አለ ፖሊሱ።

«ተዋት» አለች ዜኖቪያ። «ታበጥራት።»