የናኒ ነጎድጓድ

ሰው እየቀና እውነት ቢናገር፣ እውነቱ እውነት ሆኖ ይቀራል? ወይስ ቅናቱ ይነካካውና ይበላሻል? ሕብስት መልሱን አታውቅም። የምታውቀው፣ ናኒ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቅና መልስ እየጠበቀች መሆኑን ብቻ ነው።

«እሺ፣ የቱ ይሻላል? አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ምረጪልኝ!»

ዙሪክ፣ አፎልተርን፣ በናኒ ሰፈር ፎቆች መካከል ባለው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። የግንቦት ልደታ ነው። ልደታ ደግሞ ስዊዘርላንድም ቢሆን ከቤት ውጭ ነው የሚከበረው። እናቶች ንፍሮውን በትልቅ ሳህን አቅርበው፣ ከፎቁ የሚወርደውን ጎረቤት ሁሉ፣ ውሻ ይዞ የሚያልፈውን ጀርመንኛ ተናጋሪ ሳይቀር፣ «ና፣ ቅመስ» ይላሉ። ሕብስትና እናቷ ፈትለወርቅ ለዚሁ ብለው ማለዳ ከጄኔቭ በባቡር መጥተዋል።

ነገሩን ያመጡት የናኒ አጎት ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ዕድሜያቸውን የዙሪክን ትራም ሲነዱ ኖረው አምና ጡረታ ወጥተዋል። ናኒ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ሌረ ስታገኝ፣ ማለትም ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ እየሠራች ሙያ የምትማርበት ቦታ ስታገኝ፣ «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አሏት። ናኒም ጠየቀች። ነጎድጓድ ለማየት በመኪና ደመና ከሚከተሉ ሰዎች፣ ከነጎድጓድ አሳዳጆች ጋር የአንድ ቀን ጉዞ።

ነጎድጓድ! ያውም ናኒ!

ትንንሾች ሳሉ ሁለቱም ሜራን ነበር የሚኖሩት፣ ጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር። ሰማይ ሲያጉረመርም ናኒ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ጆሮዋን ትይዛለች። ሕብስት በረንዳ ላይ ወጥታ ከዡራ ተራራ ጀርባ የሚነሳውን ጥቁር ደመና ትጠብቃለች። ናኒ ወደ ዙሪክ ከሄደች በኋላም ሕብስት መጠበቋን አልተወችም። አሥራ አምስት ዓመት ሆኗት፣ ስልኳ ውስጥ ከዘፈን ይልቅ የደመና ቪዲዮ ይበዛል። ለናኒ ስንቱን ልካላታለች! «እዪው እንዴት እንደሚሽከረከር!» ስትል ናኒ የምትመልስላት ሁልጊዜ አንድ ምስል ነበር፤ የሚያዛጋ ድመት።

«ግን እንዴት ነጎድጓድ መረጥሽ?» አለቻት ሕብስት፣ ድምጿን እንደ ምንም አለስልሳ።

«አቦ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያስለመድሽኝ! ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው በቃ አበዱ። ማንም አድርጎት አያውቅማ።»

ሕብስት ሣር ነቀለች። ሌላም ሣር ነቀለች። የራሷን ሕልም ሰው ለብሶት ሲሽሞነሞንበት ማየት እንዲህ እንደሚያም አታውቅም ነበር።

«እዪልኝ እንጂ» ናኒ ስልኩን ነቀነቀችው።

ሁለት ድርጅቶች ናቸው። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ግራጫና ያረጀ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ስንዴ ማሳ ዳር ቆመው ፈገግ ብለዋል። ሥራውን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ደመናው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ራዳር ያያል፤ አንድም ቀን ተቀያይረው ወይም ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም። ማምለጫ መንገዱን ሳያዩ መኪና አያቆሙም። ከፎቶው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «ነጎድጓድ ያያሉ ብለን ቃል አንገባም። ሰማዩ ካላማረን አንወጣም፤ ከወጣንም በኋላ እንመለሳለን።»

ሁለተኛው ቢጫ ቫን ነው። ጎኑ ላይ መብረቅ ተስሎበታል። ሙዚቃው ይደልቃል፣ ወጣቶች በመስኮት ወጥተው ይጮሃሉ። በትልቁ ደግሞ «መብረቅ ካላዩ ገንዘብዎ ይመለሳል!» ይላል።

ሕብስት ይህችን መስመር ደግማ አነበበቻት። መብረቅ ካልታየ ገንዘብ የሚመልስ ሰው፣ መብረቁ እስኪታይ ይጠጋል እንጂ ወደ ኋላ አይልም። እየተጠጋ እየተጠጋ ሄዶ የእንቁላል ያህል በረዶ የሚወርድበት መሃል ይገባል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሰው ቃል ከገባ በኋላ ደመናው እሺ ይላል ማለት ነው?

«ጋሼ ቢጫውን ነው የሚለው» አለች ናኒ። «አስፋ እኮ ነው የሚነዳው!»

አስፋን የማያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሮጊቶቹን በየበራቸው የሚያደርስ፣ የማንንም ዕቃ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ልጅ ነው። ቢጫው ቫን ላይ ሥራ የጀመረው ግን በዚህ ጸደይ ነው። አሁንም ሣሩ ላይ ጎንበስ ቀና እያለ ንፍሮ ያድላል። እነሕብስት ጋ ሲደርስ ሕብስት ጠየቀችው።

«አስፋ፣ ስትነዳ ራዳሩን ማን ያይልሃል?»

«ራሴ ነኛ! ስልኬን እዚች ጋ እሰቅላታለሁ» በአየር ላይ መሪ ይዞ አሳያት። «ብልጭ ሲል ወደዚያ መጠምዘዝ ነው። ምነው፣ ልትቀጥሪኝ ነው?»

ናኒ ሳቀች። የናኒ እናት ከወዲያ ሆና፣ «የኛ ልጅ እያለ ለማናውቀው ሰው ልጄን ምን በወጣኝ እሰጣለሁ!» አለች። ሴቶቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። እዚህ አገር ሐኪም ሲመረጥም፣ ጠበቃ ሲመረጥም፣ ቤት የሚያጓጉዝ መኪና ሲመረጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የኛ ሰው የለበትም?» ነው። አስፋ አለበት። አለቀ።

«እና?» አለች ናኒ።

ሕብስት አፏን ከፈተች። ማለት ያለባት ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር።

«ሁለቱም ያው ናቸው» አለች። «ደስ ያለሽን ውሰጂ።»

*

ወደ ጄኔቭ ሲመለሱ፣ ባቡሩ ሎዛን አልፎ ሐይቁ ብቅ ሲል፣ ፈትለወርቅ ልጇን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ጥርስ እንደታመመ ሰው ፊትሽን ቋጥረሽ።»

«ምንም።»

«ናኒን እንኳን ደስ አለሽ ብለሻታል?»

«ብያታለሁ።»

አላለቻትም። መስኮቱን አየች። ይሂዱ፣ አለች በልቧ። ቢጫው ቫን ውስጥ ትጩህ። በረዶው መስተዋቱን ያርግፍላት፣ ያኔ ነጎድጓድ ምን እንደሆነ ይገባታል። ከዚያ የመስተዋቱ ስብርባሪ ናኒ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ታያትና ደነገጠች። ያን ፀጉር ስንት ቅዳሜ ቁጭ ብላ ሠርታዋለች። ናኒን አይደለም የጠላችው። ግን ምኑን እንደሆነ የጠላችው እንጃ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ትራም ውስጥ ሆና ደወለችላት።

«ናኒ፣ ትላንት ያልኩሽ ልክ አይደለም። ግራጫውን ያዢ። የአስፋው ጥሩ አይደለም።»

«እንዴት? ያው ናቸው አላልሽም?»

«ብዬ ነበር። አንድ ሰው እየነዳ ራዳር ማየት አይችልም። ደግሞ መብረቅ ካላዩ እንመልሳለን የሚሉት ነገር…»

«ቆይ ቆይ። ትላንት ያው፣ ዛሬ መጥፎ?» አለች ናኒ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቀናሽ አይደል?»

«ሜ ኖን! በጭራሽ! በምን እቀናለሁ?»

«ድምጽሽ ያስታውቃል። ግራጫዎቹ እኮ ሰማዩ ካላማረን አንወጣም ነው የሚሉት። እንድቀር ነው የምትፈልጊው።»

«አልቀናሁም አልኩሽ!»

«አስፋንስ እንጀራውን ልትዘጊበት ነው? ምን አደረገሽ? ተይ እባክሽ፣ ሕብስት። ሙድ አታበላሺብኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ትራሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያፈጠጠባት መሰላት። ማንም አላያትም፤ ሁሉም ስልኩን ያያል። በጣም ያናደዳት ደግሞ ናኒ ልክ መሆኗ ነው። ቀንታለች። እስከ ጥፍሯ ድረስ ቀንታለች። ሕብስትም ልክ ናት። ሁለት ልክ ነገር እንዴት እንዲህ ይጣላል?

ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጣለችና በረንዳ ላይ ወጣች። ጋሽ ሽፈራው ጋ ብትደውል ናኒ ይቅር አትላትም። ባትደውል ደግሞ ማንም ምንም አይላትም። እንዲያውም ምንም ላይሆን ይችላል። አስፋ ጎበዝ ሹፌር ነው፤ ሄደው ጮኸው ይመለሳሉ። ደጋግማ ራሷን እንዲህ ብላ አጽናናች፤ አልጽናና ብላ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሽፈራው። ሕብስት ነኝ፣ የፈትለወርቅ ልጅ።»

«ውይ የኔ ልጅ! እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ነች። ጋሽ ሽፈራው… ስለ ናኒ ጉዞ ነበር።» እየተንተባተበች የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ሳያቋርጡ ሰሟት። ስትጨርስ ነው የተናገሩት፤ የትራም ሹፌር ትዕግሥት አላቸው።

«አስፋ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

«ጨዋ ነው። እኔ ስለ ጨዋነቱ አይደለም። እየነዳ ስልኩን የሚያየው ራሱ ነው። ልደታ ዕለት ጠይቄው ነበር።»

«እየነዳ?»

«አዎ። ብልጭ ሲል ወደዚያ እጠመዝዛለሁ አለኝ።»

ጋሽ ሽፈራው በረጅሙ ተነፈሱ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ልጠይቅሽና እንዳትቆጪ። ይህን የምትይኝ ስለገባሽ ነው ወይስ ከናኒ ጋር ተኮራርፋችሁ ነው? ናኒ ቀንታብኛለች ብላኛለች።»

ሕብስት የበረንዳውን ብረት ያዘች። «አልቀናሁም» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለናኒ አንዴ ብላዋለችና አሁን ቀላል ነበር።

«ሁለቱም ነው» አለች። «ቀንቻለሁ። የነገርኩዎት ግን እውነት ነው።»



«እሺ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «እሺ የኔ ልጅ።»

*

ጉዞው ወደ ግራጫዎቹ ተዛወረ። ይህን ለሕብስት የነገረቻት እናቷ ናት፤ ናኒ አልደወለችም። ጋሽ ሽፈራው አስፋን አስቀምጠው አነጋግረውት፣ ለአለቃው ሁለተኛ ሰው እንዲጠይቅ መክረውት፣ የናኒ እናት ግን አኩርፋ፣ ዙሪክ ላይ ብዙ ወሬ ሆኗል አለች ፈትለወርቅ። «አንቺ ደግሞ፣ ከሰው ልጅ ጉዞ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለች፤ ግን ብዙም አልተቆጣችም።

የጉዞው ቅዳሜ ሲደርስ ሕብስት ከጠዋት ጀምሮ ስልኳ ላይ ያለው ራዳር ላይ አፈጠጠች። ከሰዓት በኋላ መሃል አገር፣ ኮረብታዎቹ ላይ፣ ቀይ ነገር ማበጥ ጀመረ። ቀዩ ወይን ጠጅ ሆነ። ወይን ጠጅ ማለት ትልልቅ በረዶ ነው። ፈራችም፣ ተመኘችም።

ግራጫዎቹ አልወጡም። ናኒ ገጿ ላይ የለጠፈችው የጫማዋን ፎቶ ነው፤ አዲስ የዝናብ ቦት፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ። ከሥሩ፣ «ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። ለዚህ ያበቃኝን ሰው አመሰግናለሁ» ይላል።

ወደ ማታ ላይ አስፋ ቪዲዮ ለጠፈ። ቢጫው ቫን ወጥቶ ነበር። መብረቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማዩን ሲሰነጥቀው፣ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ይጮሃሉ፣ ይሳሳቃሉ። መስተዋቱ አልተሰበረም። ማንም አልተጎዳም። ሕብስት በሕይወቷ እንዲህ ያለ መብረቅ አይታ አታውቅም።

ቪዲዮውን ሦስቴ አየችው። በሦስተኛው ላይ መብረቁን ትታ አስፋን አየችው። አንድ እጁ መሪው ላይ ነው። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። መንገዱን የሚያይ ሰው ቫኑ ውስጥ የለም።

ናኒም ይህንኑ ቪዲዮ አይታ ይሆናል። ናኒ የምታየው መብረቁን ነው። ሕብስት ቪዲዮውን ልትልክላት፣ «እጁን እዪው» ብላ ልትጽፍላት ጀመረች። ጻፈችው። አጠፋችው። ናኒ ዛሬ አዲስ ቦቷን ይዛ ቤት ቀርታለች፤ ዛሬ ልክ መሆን ምን ይረባል?

ከዡራ ጀርባ የመጀመሪያው ጉርምርምታ ተሰማ። ነፋሱ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ አነሳው። ሕብስት ልብሱን ሳትሰበስብ ቆማ እንደገና ጻፈች፦

«ናኒ፣ ቀንቼ ነበር። አልቀናሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። ስለ ቫኑ ያልኩሽ ግን ውሸት አይደለም። ለሌረሽ እንኳን ደስ አለሽ፤ ልደታ ዕለት ሳልልሽ ቀረሁ።»

ላከችው። ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። ናኒ አንብባዋለች። ከስሟ ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ብቅ አለ፣ ጠፋ።

ዝናቡ መጣ። ሕብስት ጣቷን መልእክቱ ላይ አሳረፈች፤ ጫን ብትል ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። አልተጫነችም። ስልኩን ኪሷ ከተተችና ልብሱን መሰብሰብ ጀመረች።

ያን ዕለት ከናኒ የሚያዛጋው ድመት እንኳን አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።