ጓንቱን ባላወጣሁት ኖሮ

ይሄን ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር... ግን በገዛ እጄ የነካሁት ነገር ነው።

ጥር ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሳስካችዋን በሚባል የባሕር ማዶ ክፍለ ሀገር፣ በስንዴ እርሻ መሃል ለብቻው የቆመ ቤት። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።

ሥራዬ የቤት ማሞቂያ መጠገን ነው። የጠራችኝ እዚያ የሚኖሩትን አሮጊት፣ እማማ ማልቪናን፣ እየመጣች የምታያቸው ነርስ ናት። አሮጊቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ማሞቂያው ካልተነሳ እስከ ማታ አይቆዩም አለችኝ።

ባላቸው አባባ ኦረስት በሩን ከፈቱልኝ፤ ግን ደስ አላላቸውም።

"ተወው ልጄ፣ ብርድ ልብስ አለን።"

እማማ ማልቪና አምስት ብርድ ልብስ ደርበው ከንፈራቸው ጠቁሯል። በገንኩ። ምን ዓይነት እልኸኛ ሽማግሌ ነው ብዬ በሆዴ ሰደብኳቸው።

ምድር ቤት ወረድኩ። ማሞቂያው ሊነሳ ይሞክራል... ይጠፋል። አየር አጥቷል።

እንዲህ ያለው ማሞቂያ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች በግድግዳው በኩል ወደ ውጪ ይወጡለታል። አንዱ አየር ይስባል፣ ሌላው ጭሱን ያስወጣል። ብዙ ጊዜ በረዶ ነው የሚደፍናቸው። አጥፍቼው በውጪ ዞሬ አየሁ።

በረዶ አልነበረም። አየር የሚስበው ቱቦ ውስጥ የሱፍ ጓንት ተጠቅጥቋል።

ጎትቼ አወጣሁትና እጄን ቱቦው አፍ ላይ አደረግኩ። ማሞቂያው ጠፍቷል፤ ምንም መሳብ የለበትም።

ይስባል።

ያቆማል... መልሶ ይተነፍሳል። ቀስ ብሎ... እንደተኛ ሰው።

ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ስመለስ አባባ ኦረስት ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ነበር። ጓንቱን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እኔ ነኝ የጠቀጠቅኩት" አሉ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"የሚስቴን ስም ይጠራል።"

"ማን?"

በጣታቸው ወደ ቱቦው አመለከቱ።

"መልሰው ልጄ... በብርድ ብትሞትብኝ ይሻለኛል።"

እርጅናና ብቸኝነት ነው ብዬ አለፍኳቸው። ሰው በብርድ ሲሞት ቆሜ ልመለከት ነው እንዴ?

ሥራችን ላይ አንድ ልማድ አለ። ጥፋቱ ከቱቦው መሆኑን ለማረጋገጥ አየር የሚስበውን ቱቦ ከማሞቂያው ላይ ነቅለን፣ ለጥቂት ደቂቃ ከቤቱ አየር እንዲስብ እናደርጋለን። ነቀልኩት። ማሞቂያውን ሳበራው ወዲያው ተነሳ።

የተነቀለው ቱቦ ግን አንድ ረጅም ትንፋሽ ወደ ምድር ቤቱ ለቀቀ...

ከዚያ መልሶ አልሳበም።

ቶሎ መልሼ ገጠምኩት። እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ ሃያ አምስት ዲግሪ ደረሰ። እፎይ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

አልጋው ባዶ ነው።

እማማ ማልቪና ወጥ ቤት ቆመው ድንች ይልጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቆመ እግር... ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አባባ ኦረስት ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። እንባቸው ይወርዳል።

"ሚስቴስ?" አሉኝ በጆሮዬ። "ሚስቴን የት አደረስካት?"

 

ሴትየዋ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

"ሞቀን... አይደል?"

እኔና ሽማግሌው በላብ ተጠምቀናል። ከእሷ አፍ ግን፣ በተነፈሰች ቁጥር፣ ነጭ ጉም ይወጣ ነበር።